ሚዛንንም እይታንም የሚነካው የዘር ሕመም፦ ስለ ኤስሲኤ 7 ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ሕመሙ ያለባቸው ሰዎችና ቤተሰቦቻቸው ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ መልሶቹ ሐኪም ፊት ስትቀርቡ ምን መናገርና ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ እንዲያግዟችሁ የተጻፉ ናቸው።

ኤስሲኤ 7 ምን ዓይነት ሕመም ነው?

ሙሉ ስሙ ስፓይኖሴሬቤላር አታክሲያ ዓይነት 7 ነው። አታክሲያ የሚባለው ጡንቻ ጉልበት እያለው እንቅስቃሴ ሲዛባ ነው። እግር ይራመዳል፣ ግን ቀጥ ብሎ አይሄድም። እጅ ይጨብጣል፣ ግን ሲኒውን ሊያነሳ ሲል ይስታል። ችግሩ ያለው እንቅስቃሴን በሚያቀናጀው፣ ከጭንቅላት በስተኋላ በሚገኘው ትንሹ አንጎል ላይ ነው።

በዘር የሚተላለፉ የአታክሲያ ዓይነቶች ብዙ ናቸው። ዓይነት 7 ከአብዛኞቹ የሚለየው ሬቲናን አብሮ መጉዳቱ ነው። ሬቲና ማለት ከዓይን ኋላ ያለው፣ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን ነው። ብሪታኒያዊቷ የነርቭ ሐኪም አኒታ ሃርዲንግ እ.ኤ.አ. በ1982 ከአንድ ወላጅ የሚወረሱትን አታክሲያዎች በምልክታቸው ስትመድብ፣ ሬቲናን የሚጎዳውን ለብቻው አስቀምጣዋለች። ሕመሙን የሚያመጣው ጂን፣ ማለትም ከወላጅ የሚወረሰው የሰውነት መመሪያ፣ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1997 ተለየ።

ሕመሙ በዓለም ላይ ብርቅ ነው። ከ100,000 ሰው አንድ እንኳ አይደርስም። ሆኖም በደቡብ አፍሪካ ጥቁር ቤተሰቦች፣ በሜክሲኮ ቬራክሩዝ ግዛትና በስካንዲኔቪያ አገሮች ከሌላው ቦታ በዛ ብሎ ይታያል። ዛምቢያ ውስጥም ሕመሙ ያለባቸው ቤተሰቦች ተገኝተዋል። ስለዚህ «ይሄ የፈረንጅ በሽታ ነው» ብሎ ማለፍ አያስኬድም።

መጀመሪያ የሚታየው ምልክት ምንድን ነው?

በአንዳንዱ ሰው እግር ይቀድማል፣ በአንዳንዱ ዓይን። በልጅነት ወይም በአፍላ ዕድሜ ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ የሚቀድመው እይታ ነው። በጉልምስና ሲጀምር ደግሞ መንገዳገዱ ይቀድማል። በሁለቱ መካከል ብዙ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። ለዚህም ነው አንድ ቤተሰብ ውስጥ አጎትየው «የእግር በሽታ»፣ የእህቱ ልጅ «የዓይን በሽታ» አለበት ተብሎ ሁለቱ አንድ ሕመም መሆናቸው ሳይታወቅ የሚቀረው።

እግርና እጅ ላይ የሚጀምረው በትንንሽ ነገር ነው። ደረጃ ሲወርዱ ግድግዳ መያዝ። ድንገት ዞር ሲሉ መንገዳገድ። የእጅ ጽሑፍ መበላሸት። ሸሚዝ ለመቆለፍ ረጅም ጊዜ መውሰድ። ቡና ሲቀዱ ከሲኒው ውጪ ማፍሰስ። ደክሞ ማታ ላይ ምላስ መተሳሰር። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ድካም ይመስላል። አንድ ላይ ከመጡና ከዓመት ዓመት ከባሱ ግን የነርቭ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ኤስሲኤ 7 ቀስ ብሎ የሚመጣ ሕመም ነው። መንገዳገዱ፣ የምላስ መያዙ ወይም የዓይን መጥፋቱ በሰዓታት ውስጥ ድንገት ከመጣ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ዓይን ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ምን ይመስላል?

ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በቀለም ነው። ሰማያዊና ቢጫን መለየት እየከበደ ይመጣል። ሕመምተኛው ራሱ ላያስተውለው ይችላል፤ ካልሲ ሲያጣምር ወይም ክር ሲመርጥ ሌላ ሰው ነው የሚነቃበት። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። በብዙ ክሊኒክ ያለው የቀለም ምርመራ፣ በነጠብጣብ መሃል ቁጥር የሚያስነብበው ኢሺሃራ የተባለው ደብተር፣ የሚመረምረው ቀይና አረንጓዴን ነው። ሰማያዊና ቢጫን አይፈትሽም። ስለዚህ ያን ምርመራ ማለፍ ብቻውን የቀለም እይታ ደህና ነው አያሰኝም።

ቀጥሎ ብርሃን ያስቸግራል። ፀሐይ ላይ ሲወጡ ዓይን ያጥበረብራል። ጠራራ ላይ ከማየት ይልቅ ደመና ሲሆን ወይም ሲመሻሽ ማየት ይቀላል። ምክንያቱ ቀድመው የሚጎዱት በቀን ብርሃን የምናይባቸው፣ ቀለምና ጥቃቅን ነገር የሚለዩት ሴሎች መሆናቸው ነው። እነዚህ ሴሎች የተከማቹት በሬቲናው መሃል ስለሆነ መሃል ለመሃል ያለው እይታ ይደበዝዛል። ፊደል ይጠፋል፣ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አይቻልም፣ የብር ኖት መለየት ይቸግራል። የጎን እይታ ግን ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ሰውየው በር ሳይስት ገብቶ ይቀመጣል፣ ፊት ለፊቱ ያለውን ዘመዱን ግን አይለይም። ብዙ ሰው በዚህ ይታማል፦ «አይቶ እንዳላየ አለፈኝ» ይባላል። እውነቱን ነው፣ አላየም። ስትቀርቡት ስማችሁን እየጠራችሁ ሰላም በሉት። ከጊዜ በኋላ የጎን እይታውም ይሸረሸራል፣ ብዙዎች ሙሉ በሙሉ ማየት ወደማይችሉበት ደረጃ ይደርሳሉ።

ከሬቲናው ሌላ የዓይን እንቅስቃሴም ይዘገያል። ጤነኛ ዓይን ከአንድ ነገር ወደ ሌላው በቅጽበት ይዘላል። በዚህ ሕመም ግን ዝላዩ ቀርፋፋ ይሆናል። ሰውየው ዓይኑን በማዞር ፈንታ ጭንቅላቱን ያዞራል። ሲያነብም መስመር ይጠፋበታል። መስመሩን በጣት ወይም በማስመሪያ መከተል ያግዛል።

ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄጄ «ዓይንህ ደህና ነው» ተባልኩ። ታዲያ ለምን አላይም?

በመጀመሪያው ደረጃ ሬቲናው በተለመደው የዓይን መመርመሪያ ሲታይ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ለውጡን ቀድመው የሚያሳዩት ሁለት ምርመራዎች ናቸው። አንዱ የሬቲናን ንብርብር በብርሃን የሚያነሳው ኦሲቲ ነው። ሌላው ሬቲና ለብርሃን የሚሰጠውን የኤሌክትሪክ ምላሽ የሚለካው ኢአርጂ ነው። መነጽር የቀየራችሁና ምንም ያልተሻላችሁ ከሆነ ስለነዚህ ምርመራዎች ጠይቁ። መነጽር ይህን ጉዳት አያስተካክለውም። የሞራ ቀዶ ጥገናም ሞራ ካለ ሞራውን ያነሳል እንጂ ሬቲናን አያድንም።

ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይሄን ያዙ፦ ለዓይን ሐኪሙ ስለ እግራችሁ ንገሩት፣ ለነርቭ ሐኪሙ ስለ ዓይናችሁ ንገሩት። ሰው ዓይን ክሊኒክ ሄዶ ስለ አረማመዱ አያወራም፣ ሐኪሙም ሁልጊዜ አይጠይቅም። ሕመሙ ለዓመታት ስም ሳያገኝ የሚቀረው ብዙ ጊዜ በዚህ ክፍተት ነው። በቤተሰባችሁ የሚንገዳገድ ወይም በወጣትነቱ ዓይኑን ያጣ ሰው ካለ እሱንም ሳትጠየቁ ተናገሩ።

ስሄድ ሰው ሰክሯል ይለኛል። ይሄ የሕመሙ ባሕርይ ነው?

አዎ። አልኮል የሚያውከው ይህንኑ ትንሹን አንጎል ስለሆነ ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ሰውየው እግሩን ሰፋ አድርጎ ይራመዳል፣ ወደ ጎን ይወላገዳል፣ ቃላቱ ይጎተታሉ። ነገር ሲያነሳ እጁ ከዒላማው ያልፋል ወይም ሊደርስ ሲል ይንቀጠቀጣል። በብዙዎች ላይ ደግሞ ከጊዜ በኋላ የእግር ጡንቻ ይገታተራል።

ከሐኪማችሁ ሕመማችሁን የሚገልጽ አጭር ወረቀት አስጽፋችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ። ለፍተሻ፣ ለፖሊስ፣ ለአሠሪ ይጠቅማል። ከዘራ መያዝን የሚያፍሩ ሰዎች አሉ። ነገር ግን ከዘራ ከመውደቅ ከማዳኑም በላይ አላፊ አግዳሚው ሕመም መሆኑን እንዲረዳ ያደርጋል። መኪና መንዳት ግን ሚዛንም እይታም ሲነካ የሚያስተማምን አይደለም፤ በጊዜ ማቆም ይሻላል። ጠላ፣ ጠጅ፣ አረቄ፣ ቢራ፣ ሁሉም መንገዳገዱን ስለሚያብሱ መተው ነው።

ሲበላ ትን ይለዋል። ምን ያህል ያሳስባል?

በጣም ያሳስባል። ከሌሎቹ ምልክቶች ሁሉ ቤተሰብ የሚዘናጋበት ይሄ ነው። የጉሮሮ ጡንቻዎች ቅንጅት ሲበላሽ ምግብና ውሃ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ከዚያ የሳንባ ምች ይመጣል። ሕመሙ ሲገፋ ለሕይወት አስጊ ከሚሆኑት ነገሮች አንዱ ይሄ ነው። ሲጠጣ ማሳል፣ ከበላ በኋላ ድምፁ ጉሮሮው ውሃ የያዘ መምሰል፣ ክብደት መቀነስ፣ ተደጋጋሚ ትኩሳት ካያችሁ አትጠብቁ።

ቀጭን ፈሳሽ ከወፍራም ይበልጥ ያስቸግራል። ብዙ ሰው ውሃ ትን እያለው አጥሚት በደህና ይጠጣል። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ደረቅ ዳቦ ለዚህ ሰው አደገኛ ናቸው። ወጡ በደንብ ያራሰው እንጀራ በትንሽ በትንሹ ይሻላል። ጉርሻም ቢሆን፣ በፍቅር የሚሰጥ ነገር ነው፣ ግን ትልቅ ጉርሻ ለእሱ አይሆንም። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ፣ ቴሌቪዥን ጠፍቶ፣ ሳይጣደፍ ይብላ። የንግግርና የመዋጥ ባለሙያ ካገኛችሁ ለእሱ የሚሆነውን አዋዋጥ ለይቶ ያሳያችኋል።

አእምሮን ይነካል?

በአዋቂነት ሲጀምር የሰውየው ማስተዋልና ትዝታ በአብዛኛው አብሮት ይቆያል። ንግግሩ ስለሚጎተትና ዓይኑ ዓይናችሁን ስለማያገኝ ብቻ ሰዎች የማይገባው ይመስላቸዋል፣ እሱ እያለ ስለ እሱ ያወራሉ። ሁሉንም ይሰማል። ጊዜ ስጡት፣ ዓረፍተ ነገሩን አትጨርሱለት።

ሐዘንና ተስፋ መቁረጥ ግን የተለመዱ ናቸው። ድባቴ ሕክምና አለው፤ «ምን ይሁን፣ ሕመሙ ነው» ተብሎ መተው የለበትም።

በስንት ዓመት ይጀምራል? ክብደቱስ ለምን ይለያያል?

ልዩነቱን የሚያመጣው ኤቲኤክስኤን 7 የተባለው ጂን ነው። በዚህ ጂን ውስጥ ሲ፣ ኤ፣ ጂ የተባሉ ሦስት የዘረመል ፊደላት ተከታትለው ይደጋገማሉ። በአብዛኛው ጤነኛ ሰው 10 ጊዜ አካባቢ ነው የሚደጋገሙት፤ እስከ 27 ድረስ ችግር የለም። ከ28 እስከ 33 ከሆነ ሰውየው አይታመምም፣ ነገር ግን ለልጁ ሲያስተላልፍ ቁጥሩ ሊያድግ ይችላል። ከ34 እስከ 36 ያለው ሰው ሊታመምም ላይታመምም ይችላል። 37 እና ከዚያ በላይ ሕመሙን ያመጣል።

ቁጥሩ በጨመረ መጠን ሕመሙ ቀድሞ ይጀምራል፣ ቶሎም ይብሳል። በጥቅሉ ከ59 በላይ ሲሆን ዓይን ይቀድማል፣ ከዚያ ሲያንስ እግር። ብዙዎች ላይ በ20ዎቹ፣ በ30ዎቹ ወይም በ40ዎቹ ዕድሜ ይጀምርና ለአሥርት ዓመታት ቀስ እያለ ይሄዳል። ይሁንና ቁጥሩ የዕድሜ ቀጠሮ አይደለም። ተመሳሳይ ቁጥር ያላቸው ሁለት ሰዎች በተለያየ ዕድሜ ሊታመሙ ይችላሉ። የላቦራቶሪ ወረቀት ይዛችሁ «በዚህ ዓመት ዓይኔ ይጠፋል» ብላችሁ አታስሉ።

ዘር ቆጥረን፣ ሰባት ቤት ርቀን ነው የተጋባነው። የዘር በሽታ ከየት መጣብን?

ሰባት ቤት መቁጠር የሚያግዘው ለሌላ ዓይነት የዘር ሕመም ነው። አንዳንድ ሕመሞች ልጅ ላይ የሚወጡት አባትም እናትም አንድ ዓይነት የተበላሸ ጂን ሲያካፍሉት ነው። ዘመዳሞች ሲጋቡ የዚህ ዕድል ስለሚጨምር ዘር መቁጠር እዚያ ላይ በእርግጥ ይጠቅማል። ኤስሲኤ 7 ግን እንዲህ አይደለም። ከአንድ ወላጅ ብቻ የመጣ አንድ የተበላሸ ጂን ይበቃዋል። ሌላኛው ወላጅ ከየትም ቢመጣ ለውጥ የለውም።

ጂኑ ያለበት ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጅ የማስተላለፍ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ወንድም ሴትም እኩል ይወርሳሉ። እያንዳንዱ እርግዝና ለብቻው ነው፤ የመጀመሪያው ልጅ ስለወረሰ ሁለተኛው ይተርፋል ማለት አይደለም። ጂኑን ያልወረሰ ልጅ ደግሞ ለራሱ ልጆች የሚያስተላልፈው ነገር የለውም። ለእሱም ለልጆቹም ጭንቀቱ እዚያ ላይ ያበቃል። «በእሷ ወገን ነው የመጣው»፣ «የእነሱ ዘር ነው» እየተባለ የሚፈርስ ትዳር ያሳዝናል። ማንም መርጦ አልወረሰም፣ መርጦም አላወረሰም።

እኔ ጤነኛ ነኝ፣ ልጄ ግን ታመመ። ይሄ እንዴት ይሆናል?

የሦስቱ ፊደላት ቁጥር ከወላጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ ማደግ ይወዳል። አያት በ60 ዓመቱ ትንሽ ተንገዳግዶ ያልፋል፣ ልጁ በ35 ዓመቱ ይታመማል፣ የልጅ ልጁ ገና ትምህርት ቤት እያለ ዓይኑን ያመዋል። ይህ ነገር በሌሎች የአታክሲያ ዓይነቶችም አለ፣ የኤስሲኤ 7ን ያህል የጎላበት ግን የለም። ልጁ ከወላጁ በፊት የሚታመምበት ጊዜ አለ። ወላጅ ስለ ራሱ ጂን የሚያውቀው በልጁ ምርመራ ይሆናል ማለት ነው። ሁለት ዱብ ዕዳ በአንድ ቀን ነውና እንዲህ ላለ ቤተሰብ ዘመድና ጎረቤት ከምክር በፊት አብሮ መቀመጥን ያስቀድም።

ቁጥሩ በጣም የሚያድገው ብዙውን ጊዜ ከአባት ሲተላለፍ ነው። ከ200 በላይ ሲደርስ ሕመሙ በጨቅላነት ይጀምራል። ሕፃኑ ሰውነቱ ይልፈሰፈሳል፣ አያድግም፣ ልቡም ሊታመም ይችላል። በእንዲህ ያሉ ሕፃናት ላይ ሕመሙ እጅግ ፈጣን ነው። «በቤተሰባችን ማንም የለም» የሚለው መልስም ከዚህ አንጻር መታየት አለበት፤ ወላጁ በሌላ ምክንያት በወጣትነቱ አርፎ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ሕመሙ ገና አልወጣበትም።

ሌላ በሽታ ሊሆን አይችልም? በተለይ የሚድን?

ይችላል። በመጀመሪያ መፈተሽ ያለበትም እሱ ነው። ቫይታሚን ቢ12 ሲያንስ መንገዳገድና የእይታ መቀነስ ሊመጣ ይችላል። ለብዙ ወራት ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ያልነካ ሰው፣ ጾም አጥብቆ የሚጾምም ይሁን አቅም አጥሮት፣ ይሄ ይመርመርለት። ቫይታሚን ኢን ሰውነት መጠቀም ሲያቅተው የሚመጣ የዘር አታክሲያም አለ። እሱም ሬቲናን ሊጎዳ ይችላል፣ ግን በጊዜ ከተደረሰበት ቫይታሚኑን በብዛት በመስጠት ይገታል። ይህን ሳይፈትሹ ኤስሲኤ 7 ነው ብሎ መተው ከባድ ጥፋት ነው።

የምትወስዱትን መድኃኒትም ለሐኪሙ አሳዩ። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኒቶይን በደም ውስጥ ሲበዛ ያንገዳግዳል። ለቲቢ የሚሰጠው ኢታምቡቶል የዓይንን ነርቭ ሊጎዳና ቀለም ሊያምታታ ይችላል። ሁለቱንም በራሳችሁ አታቁሙ፤ ሐኪሙ ያስተካክላል። ከዚህ ሌላ የታይሮይድ ችግር፣ ቂጥኝ፣ ኤችአይቪ፣ ለብዙ ዓመት አልኮል መጠጣት እና የነርቭ ሽፋንን የሚጎዳው መልቲፕል ስክለሮሲስ መታየት ያለባቸው ናቸው።

በምን ምርመራ ይረጋገጣል? የጂን ምርመራ ተደርጎልኝ «የለብህም» ተብያለሁ፣ ልተማመን?

የአንጎልን ምስል የሚያነሳው ኤምአርአይ ትንሹ አንጎልና ከሥሩ ያለው የአንጎል ግንድ መኮሰሳቸውን ያሳያል። ነገር ግን ዓይነቱን አይለይም። የሚያረጋግጠው የጂን ምርመራ ነው፤ የሚደረገው በደም ናሙና ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የነርቭ ሕክምና ክፍል ያለው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታልና ለዓይን ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል መነሻ ሊሆኗችሁ ይችላሉ። ናሙናው ወደ ውጭ መላክ ካለበት ሐኪማችሁ በኩል ይሁን።

አሁን ወደ አስቸጋሪው። ብዙ ጂኖችን በአንድ ጊዜ የሚያነቡ ዘመናዊ ምርመራዎች የፊደል ለውጥ ያገኛሉ፣ የድግግሞሽ መብዛትን ግን ሊያልፉት ይችላሉ። ስለዚህ ውድ ምርመራ ተደርጎ «ምንም የለም» የተባለ ሰው ኤስሲኤ 7 ሊኖርበት ይችላል። መጠየቅ ያለባችሁ «የኤቲኤክስኤን 7 ድግግሞሽ በቀጥታ ተቆጥሯል ወይ?» ብላችሁ ነው። በጣም ረጅም ድግግሞሽ፣ በተለይ ሕፃናት ላይ፣ ለብቻው የሚታይ ዘዴ ሊፈልግ ይችላል። የምርመራው ወረቀት ላይ ቁጥር ከሌለ ቁጥሩ ታይቷል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

መድኃኒት አለው? ለአታክሲያ አዲስ መድኃኒት ወጣ ሲባል ሰምቻለሁ።

የሰማችሁት እውነት ነው፣ ግን ለሌላ ዓይነት ነው። ኦማቬሎክሶሎን የተባለው መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ፍሪድራይክ ለሚባለው አታክሲያ ነው። ያ ሕመም ከሁለቱም ወላጆች የሚወረስና በሌላ ጂን የሚመጣ ነው። ኤስሲኤ 7ን የሚያቆም ወይም የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም። «ከውጭ ላስመጣላችሁ» የሚል ሰው ቢመጣ ገንዘባችሁን ያዙ።

ምርምሩ ግን አልቆመም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት የተበላሸው ጂን የሚያመነጨውን ፕሮቲን የሚቀንስ ንጥረ ነገር ዓይን ውስጥ ተወግቶ የታመሙ አይጦችን እይታ እንዳሻሻለ አሳይቷል። ከአይጥ እስከ ሰው ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ ቢሆንም አቅጣጫው የታወቀ ነው። እስከዚያው የጡንቻ መገታተርን፣ ሕመምን፣ ድባቴን የሚያቀሉ መድኃኒቶች አሉ። ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ግን ሳይቋረጥ የሚሠራ ፊዚዮቴራፒ ነው። ሚዛንን የሚያሠለጥን እንቅስቃሴ ሰውየውን በእግሩ ለረጅም ጊዜ ያቆየዋል።

ቤት ውስጥ ምን እናስተካክል?

ለሚዛን የሚደረገውና ለእይታ የሚደረገው አብረው ይሂዱ። መታጠቢያ ቤት መያዣ ብረት አስገቡ። የሚንሸራተት ምንጣፍ አንሱ። የደረጃውን ጠርዝ በደማቅ ቀለም ቀቡ። የቤት ዕቃ ቦታ አትለዋውጡ። ውጭ ሲወጣ ባለ ጥላ ኮፍያና ፀሐይ የሚያደበዝዝ ጥቁር መነጽር ይልበስ። ስልኩ ፊደል እንዲያጎላና ጽሑፍ ድምፅ አውጥቶ እንዲያነብ አድርጉለት። ከሰል ምድጃና የፈላ ድስት አጠገብ ብቻውን አይሁን።

ሥራ ግን አታስጥሉት። ሽንኩርት ቁጭ ብሎ መላጥ የሚችል ሰው ይላጥ።

ጠበል እየወሰድነው ነው። ክፋት አለው?

እምነት ለሕመምተኛውም ለቤተሰቡም ጉልበት ነው፣ ማንም አይከለክላችሁም። ሁለት ነገር ብቻ ጠብቁ። የሐኪም መድኃኒት ለጠበል ተብሎ አይቋረጥ፤ በተለይ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቆም አደገኛ ነው። ጠበል ቦታው ደግሞ እርጥብና የሚያንሸራትት ስለሆነ ሁልጊዜ አንድ ጠንካራ ሰው ይደግፈው። ትን የሚለው ከሆነ ጠበሉን በትንሽ በትንሹ፣ ተቀምጦ ይጠጣ።

«ቡዳ በልቶት ነው»፣ «እርግማን ነው» የሚለው ወሬ ግን ይጎዳል። ሕመምተኛውን ያሸሽገዋል፣ ጎረቤትን ያጣላል፣ የሚድነውን ሕመም የመለየት ጊዜም ያልፋል።

ምንም ምልክት የለኝም። ልመርመር? ልጆቼንስ ላስመርምር?

ለአዋቂ ሰው ይህ የራሱ ውሳኔ ነው። እናት፣ ባል፣ ወንድም ሊገፋው አይገባም። አንዳንዱ አውቆ ትዳሩንና ሥራውን ማቀድ ይፈልጋል። አንዳንዱ ሳያውቅ መኖርን ይመርጣል። ሁለቱም ልክ ናቸው። ከምርመራው በፊት የዘረመል አማካሪ ወይም ይህን የሚያውቅ ሐኪም አነጋግሩ። ውጤቱን ስትቀበሉም አብሯችሁ የሚሄድ ሰው ይኑር።

ምልክት የሌለውን ልጅ መመርመር አይመከርም። ውጤቱ ሕክምናውን አይለውጥም፣ የልጁን የመምረጥ መብት ግን ይወስድበታል። አድጎ ራሱ ይወስን። ልጁ ምልክት ካሳየ፣ ለምሳሌ ጥቁር ሰሌዳ ማየት ካቃተው ወይም ደጋግሞ ከወደቀ፣ ያኔ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ይመርመር።

ጂኑ እንዳለብኝ አውቄያለሁ። ልጅ መውለድ እችላለሁ?

ትችላላችሁ። በተፈጥሮ መንገድ ከሆነ ያው 50 በመቶ ነው። የቤተሰቡ የጂን ለውጥ አስቀድሞ ከታወቀ ሽሉን በማህፀን ውስጥ መመርመር ይቻላል። ሌላው መንገድ ከሰውነት ውጭ በሚደረግ ማዳቀል ጂኑ የሌለበትን ፅንስ ለይቶ ማህፀን ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ይህ ውድ ነው፣ በሁሉም አገርም አይገኝም። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በእስራኤል የምትኖሩ ልትጠይቁ ትችላላችሁ። ጉዳዩ የእምነትና የሕሊና ጥያቄ የሚያስነሳ ስለሆነ ባልና ሚስት እርግዝና ሳይመጣ ቢነጋገሩበት ይመረጣል።

የምኖረው አሜሪካ ነው። ውጤቱ ኢንሹራንሴን ወይም ሥራዬን ይነካል?

እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው፣ ጂና የሚባለው የፌዴራል ሕግ የጤና ኢንሹራንስ ድርጅቶችና አሠሪዎች በጂን ውጤት ምክንያት እንዳያገልሏችሁ ይከለክላል። ከ15 በታች ሠራተኛ ያላቸውን ቀጣሪዎች ግን አይመለከትም። የሕይወት ኢንሹራንስን፣ አካል ጉዳት ሲደርስ የሚከፍለውንና የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ኢንሹራንስንም አይሸፍንም። አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች የራሳቸው ተጨማሪ ጥበቃ አላቸው።

ስለዚህ ምልክት የሌላችሁና መመርመር የምትፈልጉ ከሆነ፣ ስለ እነዚህ የኢንሹራንስ ዓይነቶች ደም ከመስጠታችሁ በፊት ከዘረመል አማካሪው ጋር ተነጋገሩ። ውጤቱ አንዴ የሕክምና መዝገባችሁ ላይ ከሰፈረ በኋላ ማስወጣት አይቻልም።